«ክብደቱ 50 ኪሎ ነው» ማለት ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «የጆንያው ክብደት 50 ኪሎ ግራም ነው» ብለው ሲጽፉ፣ ክብደት የሚለካው የኃይል መለኪያ በሆነው በኒውተን ነው እያልኩ ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ። ወላጆች ግን «ታዲያ እህል በረንዳ ያለው ሰው ሁሉ አማርኛ አያውቅም ማለት ነው?» ይሉኛል። በኪሎ ግራም ለሚለካው የምንጠቀምበትን «መጠነ ቁስ» የሚለውንም ቃል ልጆቹ ሊለምዱት አልቻሉም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህል በረንዳ ያለው ሰው አማርኛውን አልሳተም፤ እርስዎም ፊዚክሱን አልሳቱም። ችግሩ ያለው አንዱ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ሥራ የሚሠራ መሆኑ ላይ ነው፤ ይህም ለተማሪዎቹ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሻንጣው ከበደኝ» ስንል የምንናገረው ክንዳችንን ወደ ታች ስለሚስበው ነገር ነው። የፊዚክስ ክብደትም ይኸው ነው፤ መሬት አንድን አካል የምትስብበት ኃይል ማለት ነው። «የሻንጣው ክብደት 23 ኪሎ ነው» ስንል ግን የምንናገረው በሻንጣው ውስጥ ስላለው የቁስ ብዛት ነው፤ ፊዚክስ መጠነ ቁስ የሚለው ይህንን ነው። እንግዲህ «ከበደ» የሚለው ግስ ከኃይሉ ጋር ሲቀር፣ «ክብደት» የሚለው ስም ወደ ሁለቱም አዘንብሏል። ስለዚህ ልዩነቱን ከግሱ ተነሥተው ቢያስተምሩ ይቀልዎታል የሚል እምነት አለኝ። «ይህ ጆንያ ጨረቃ ላይ ይከብዳል ወይስ ይቀላል?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ይቀላል ይላሉ። «ታዲያ በውስጡ ያለው ስንዴ ቀነሰ?» ብለው ሲያስከትሉ፣ አልቀነሰም ብለው ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በራሳቸው አፍ ለይተዋል። በቁጥር ሲሰላ፣ 50 ኪሎ ግራም የሆነው ጆንያ መሬት ላይ ወደ 490 ኒውተን፣ ጨረቃ ላይ ደግሞ ወደ 81 ኒውተን ይከብዳል፤ ኪሎ ግራሙ ግን በሁለቱም ቦታ 50 ነው።

ይህ መደበላለቅ የአማርኛ ድክመት ተደርጎ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1901 ፓሪስ ላይ የተካሄደው ሦስተኛው ጠቅላላ የልኬት ጉባኤ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ እንደሆነ፣ ክብደት የሚለው ቃል ደግሞ የኃይል ዓይነት የሆነን ነገር እንደሚያመለክት በይፋ ያወጀው፣ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ቋንቋዎችም ቃሉ በሁለቱም ትርጉም ይነገር ስለነበር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሳይንስ ሰዎች ስምምነት ነው፤ ሕዝቡ ግን በየትም አገር የቀድሞ አነጋገሩን አልተወም።

ነጋዴውስ የሚሸጠው የትኛውን ነው? ገዢው የሚፈልገው ስንዴውን እንጂ መሬት ስንዴውን የምትስብበትን ኃይል አይደለም፤ በመሆኑም የሚሸጠው መጠነ ቁስ ነው። በአንዱ ሳህን ስንዴ፣ በሌላው የሚዛን ድንጋይ የሚቀመጥበት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አንዱን ቁስ ከሌላው ጋር ስለሚያነጻጽር፣ ጨረቃ ላይ ቢወሰድም ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀል ያው ውጤት ይሰጣል። ተንጠልጥሎ የሚሠራው ባለ ሞላ ሚዛን ግን ሞላው በተሳበው መጠን የሚያነብ በመሆኑ በትክክል የሚለካው ኃይልን ነው፤ በኪሎ የተጻፈበትም መሬት ላይ ያለውን ስበት ታሳቢ በማድረግ ነው። ስበቱ ራሱ በመሬት ላይ እንኳ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም፤ በዋልታዎቹ አካባቢ በያንዳንዱ ኪሎ ግራም 9.83 ኒውተን ሲሆን፣ በምድር ወገብ ላይ በባሕር ጠለል 9.78 ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምርም ስበቱ ስለሚቀንስ፣ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ቡና ፍሬ ሳይጨመርበት ክብደቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ጭማሪው ግን ከሺህ አንድ እጅ ስለማይሞላ ለንግድ የሚያሳስብ አይደለም።

«መጠነ ቁስ»ን በተመለከተ፣ ልጆቹን የሚያደናግራቸው «መጠን» የሚለው ቃል ይመስለኛል። «መጠኑ ትልቅ ነው» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ግዙፍነትን ነው፤ በዚህም የተነሣ መጠነ ቁስ ከይዘት፣ ማለትም ነገሩ ከሚይዘው ቦታ ስፋት ጋር ይምታታባቸዋል። አንድ ኪሎ ጥጥና አንድ ኪሎ ምስማር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡላቸው ይህ ብዥታ ይጠፋል። የቃሉ አሠራር በግእዙ አግባብ «ቤተ መጻሕፍት» እንደሚለው ያለ በመሆኑ፣ ባለቤት አመልካቹ ምዕላድ ከሁለተኛው ቃል ጋር ይሄዳል፤ «የጆንያው መጠነ ቁሱ» ይባላል እንጂ «መጠኑ ቁስ» አይባልም።

ነጥብ መቀነሱን በሚመለከት የኔ ፍርድ ይህ ነው። ጥያቄው «ክብደቱን አስሉ» የሚል ሆኖ ተማሪው 50 ኪሎ ግራም ብሎ ከመለሰ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል፤ የተጠየቀው ኃይል ነውና። ስለ ገበያ ወይም ስለ ቤተሰቡ በሚጽፈው ድርሰት «ክብደቴ 40 ኪሎ ነው» ቢል ግን አማርኛው የተስተካከለ ስለሆነ መታረም የለበትም። የፈተና ጥያቄ ሲያወጡም «ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ጆንያ» ብለው እንዳይጀምሩ ይጠንቀቁ፤ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ በፈተና ወረቀቶች ላይ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ተማሪው በመምህሩ ቃል ተመርቶ በሚሳሳተው ስሕተት ነጥብ ማጣቱ ተገቢ አይደለም።