ጥያቄና መልስ፦ ተጓዳኝ በሽታን ከሕፃናት ካርድ ላይ ማጥናት

ጥያቄ፦ የኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሕፃናት መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ በየትኞቹ ተጓዳኝ በሽታዎች (የሰውነት መከላከያ ሲዳከም በሚከሰቱ) እንደሚያዙ በደቡብ ወሎ ከሚገኙ ክሊኒኮች ካርድ ላይ ለማጥናት አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (ከደሴ)

መልስ፦ ርዕስዎ ጥሩ ነው፤ አስቸጋሪው ካርዱ ነው። ካርድ የሚነግርዎት ባለሙያው አይቶ የጻፈውን ብቻ በመሆኑ፣ ያልተጻፈውን በሽታ እንዳልነበረ መቁጠር ጥናቱን ከሥሩ ያበላሸዋል። ይህ ጎልቶ የሚታየው በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነው፤ ትንሽ ልጅ አክታውን ስለሚውጥ ናሙና ማግኘት ያስቸግራል፣ በሰውነቱ ያለው የባክቴሪያ መጠንም አነስተኛ ስለሆነ ውጤቱ «የለም» ቢልም በሽታው ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሰገራ በጂን ኤክስፐርት (የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በዘረመሉ በሚለይ መሣሪያ) እንዲመረመር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሞሉ ካርዶችን ሳይለዩ አያነጻጽሩ፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠውንና በምልክትና በራጅ ብቻ የታከመውንም ለየብቻ ይመዝግቡ።

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታይ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተደብቆ የቆየና የሰውነት መከላከያ ሲያገግም የገለጠው ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ከሚመጣው ጋር አይደመርም። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የሲዲ4ን (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ቁጥር ሳይሆን መቶኛውን ይውሰዱ።

ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የተባለ መድኃኒት መሰጠቱንና መቋረጡንም ከነቀኑ ይያዙ። በኡጋንዳና በዚምባብዌ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው «አሮው» የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ልጆች እንኳ ኮትሪሞክሳዞሉን ሲያቆሙ፣ ከቀጠሉት ይበልጥ በወባና በሌሎች ኢንፌክሽኖች ሆስፒታል ተኝተዋል። ይህን የዘለለ ትንታኔ ለአንዱ መድኃኒት የሌላውን ምስጋና ይሰጣል።

የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣም አለው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ በወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያን ጊዜ ቀጠሮው ያለፈበትን ልጅ «ክትትል ያቋረጠ» ብሎ መመደብ፣ በእኛ እይታ፣ የተቋሙን መዘጋት በአሳዳጊው ላይ መጻፍ ነው። ልጁ በሌላ ከተማ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ የዝውውር ወረቀቱን ይፈልጉ።

ክፍተቱን አሳዳጊዎችን በመጠየቅ ሊሞሉ ካሰቡ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህንንም እንዲፈቅድልዎ አስቀድመው ያመልክቱ። መድኃኒቱን «የሳንባ ነው» ተብሎ የሚውጥ ልጅ ስለሚኖር፣ አሳዳጊውን የሚያነጋግሩት ልጁ በሌለበት፣ ለምሳሌ ክብደቱን ሊለካ ሲገባ፣ ይሁን፤ በመጠይቁ ሽፋን ላይም የበሽታው ስም አይጻፍ።