አውራዎቹን መሸኘት ለከበደሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው አደርኩ፣ ጠዋት ተመልሼ መጣሁበት። ዶሮሽ 12 ጫጩት ፈልፍላልሽ 7ቱ ወንድ ሆነው ተገኙ። አሁን 4 ወር ሞልቷቸው መጣላት ጀምረዋል። ግቢሽ ከአንድ አውራ በላይ አይችልም። 6ቱን መሸኘት እንዳለብሽ ታውቂያለሽ፤ ግን ባሰብሽው ቁጥር እንባ ይቀድምሻል። ቤት ውስጥ ደግሞ «ዶሮ እኮ ነው፣ ምን ሆነሻል?» ይሉሻል። አንቺም «እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ ነኝ ወይ? እናንተ እንዴት ቻላችሁት?» ብለሽ ጠየቅሽ።

ብቻሽን አይደለሽም። ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አሁንም አውራ ስሸኝ ሆዴ ይባባል። ከእንቁላሉ ወጥቶ ሳይደርቅ ያየሽው፣ ከመዳፍሽ ላይ ጥሬ የለቀመ ፍጥረት ነው። ለእሱ ማልቀስ ምንም አያሳፍርም። «ዶሮ እኮ ነው» የሚሉሽን ለማስረዳትም አትድከሚ። በየጠዋቱ በሩን የምትከፍቺላቸው አንቺ ነሽ።

አንድ ሸክም ግን አሁኑኑ ላውርድልሽ። «ሾል ሾል ያለውን እንቁላል ስላስታቀፍኩ ይሆን ወንድ የበዛብኝ?» ብለሻል። አይደለም። የእንቁላል ቅርፅ ስለ ጾታ ምንም አይናገርም። በዶሮ ጾታን የሚወስነው ከእናቲቱ የሚመጣው ክሮሞሶም ነው፤ ጉዳዩ እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ያለቀ ነው። በአማካይ ከሚፈለፈለው ግማሹ ወንድ ይሆናል። ከ12 ጫጩት 7 ወንድ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም። ለእኔ አንዴ ከ9 ጫጩት 7 ወንድ ወጥቶልኛል። በትልልቅ ማስፈልፈያዎች ደግሞ፣ እንቁላል ከሚጥለው ዘር ወንዶቹ ብዙ ቦታ በተፈለፈሉበት ቀን ነው የሚገደሉት። ጀርመን ይህን በሕግ ያገደችው ገና እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ያንቺዎቹ 4 ወር ሙሉ ፀሐይ ሞቀዋል፣ አፈር ላይ ተንከባለዋል። ሲከፋሽ ይሄንንም አስቢው።

አሁን የራሴን ላውጋሽ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መሸኘቴ አይደለም፤ ማዘግየቴ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ 5 አውራና 8 ሴት ነበሩኝ። «ትንሽ ይቆዩ» እያልኩ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ገፋሁ። ለእነሱ ያዘንኩ መስሎኝ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት አንዷ ቀይ ዶሮ ከቆጥ አልወርድም አለች። ሁሉም ወጥተው እሷ ብቻ ግድግዳውን ተጠግታ ቀረች። አቅፌ አወረድኳት። ጀርባዋ ላይ ላባ የሚባል የለም። ማጅራቷም ተነጭቷል። ክንፏን ገለጥ ሳደርገው ጎኗ በጥፍር ተሰንጥቋል፤ ጠርዙ ደርቋል፣ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። የዚያን ቀን ቁስል አልነበረም። በየቀኑ እህል ስበትንላቸው ከፊቴ ነበረች፣ ግን አላየኋትም። ዓይኔም ልቤም አውራዎቹ ጋ ነበር።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት የሚባለው ለዚህ ነው። አውራ ሲበዛ ፍዳውን የሚያዩት ሴቶቹ ናቸው፤ ከሴቶቹም ደግሞ አውራዎቹ ለይተው የሚያሳድዷት አንዷ ወይም ሁለቱ።

በዚያው ቀን ደንግጬ ስልክ መታሁ። መጀመሪያ እሺ ላለኝ ሰው 4ቱን ሰጠሁት። አመሻሽ ላይ መጥቶ በማዳበሪያ ከቶ ይዟቸው ሄደ። የት እንደሚወስዳቸው አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት። ከ4ቱ አንዱ ገብስማ ነበር፤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ መጥቶ እግሬ ላይ የሚተኛ። ያ ገብስማ ለወራት እንቅልፍ ነሳኝ። ለማዋጋት ወስዶት ይሆን? የሆነ ቦታ ታስሮ ውሎ ያድር ይሆን? መታረዱን ባውቅ እንኳ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አለማወቁ ነው የጎዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ ይዣለሁ። መጀመሪያ የምመርጠው የሚቀረውን ነው። የሚሄዱትን አንድ በአንድ ከመለየት ይሄ ለልብ ይቀላል። ላባው ያማረውን ሳይሆን ጠባየኛውን ነው የማስቀረው። ጥሬ ሲያገኝ ራሱ ሳይውጥ እያነሳ እየጣለ ሴቶቹን የሚጠራውን። በሰማይ ጥላ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያስጠነቅቀውን። ሴት ሲያባርር የማይውለውን። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋትና ማታ ቁጭ ብለሽ ተመልከቻቸው። ብዙ ሳትቆዪ ትለዪዋለሽ።

ከዚያ ቀን እቆርጣለሁ። «ሰሞኑን» ሳይሆን፣ የታወቀ ቀን።

ለሌሎቹ መጀመሪያ አውራ የሌለው ሰው አፈላልጋለሁ። ሲገኝ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ስንት ሴት ዶሮ አለህ? ሌላ አውራ አለህ? ለማዋጋት ነው ወይ የምትወስደው? ሲጠየቅ ፊቱ የሚቀየር ሰው አይወስድም። እኔም እውነቱን እናገራለሁ። ሰው ላይ የሚዘል አውራ ሕፃን ላለበት ቤት አልሰጥም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ተቀበዪ። የሰጠሽውን አውራ ሰውየው ነገ ሊያርደው ይችላል። ይሄን መቀበል ካልቻልሽ አትስጪ፤ ስልክ እየደወልሽ ራስሽንም ሰውየውንም ታሰቃያለሽ።

ቦታ ካለሽ አውራዎቹን ብቻቸውን፣ ሴቶቹን በማያዩበት በረት ማኖርም ይቻላል። አብረው ያደጉ ከሆኑ ሴት ከመሃላቸው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጠቡ ይበርዳል። ግን ሰፊ ቦታ፣ ተጨማሪ እህልና ጩኸቱን የሚችል ጎረቤት ይጠይቃል። አንቺ ግቢዬ ጠባብ ነው ስላልሽ ብዙ አልገፋበትም።

ለ6ቱም ጥሩ ቤት ይገኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ግማሹ ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፤ መንጋ የሚፈልገው ደግሞ ለ10 ሴት አንድ ነው። የተረፉት ሁሉ ቤት ሊያገኙ አይችሉም። ስለዚህ የእኔ አንዳንዶቹ ይታረዳሉ። እጁ የለመደ ሰው፣ ስለት ባለው ቢላ፣ በራሴ ግቢ። ማዳበሪያ የለ፣ መንገድ የለ፣ የማያውቁት ሰው ጋ ማደር የለ። ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ ነው የማነሳቸው፤ ዶሮ በጨለማ በደንብ አያይም፣ ሳይደነግጥ እሺ ብሎ ይያዛል። ጠዋት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ክንፉን ሰብስቤ አቅፈዋለሁ። ልቡ ከመዳፌ ስር ሲመታ ይሰማኛል። አመሰግነዋለሁ። አንዳንዴ ድምፄ ይቆረጣል። አንቺ መያዝ ካቃተሽ አትያዢ፣ ግቢውን ለቀሽ ውጪ። ግን ማን እንደሚያደርገውና እንዴት እንደሚያደርገው አንቺ ወስኚ።

ልጆች ካሉሽ «ጠፍቶ ነው» አትበያቸው። እኔ ብዬ አይቻለሁ። ልጄ ሁለት ቀን በየአጥሩ ስር ስትፈልገው ዋለች። ሦስተኛው ቀን እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ አጥር ስር መፈለግ ተወች።

ለሚቀጥለው ደግሞ፣ እንቁላል ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው አውራ ጭራሽ አያስፈልግሽም፤ ሴቶቹ ያለ እሱም ይጥላሉ። ቄብ ገዝተሽ ማሳደግ ትችያለሽ። በተፈለፈሉበት ቀን ወንዱና ሴቱ በቀለም የሚለዩ ዘሮችም አሉ። ማስታቀፍ ካማረሽ ግን ወንዶቹን ምን እንደምታደርጊ 21ዱ ቀን ሳይቆጠር ወስኚ። እኔ አሁን ወንድ መሆኑን ለለየሁት ጫጩት፣ ይቀራል ብዬ እስክወስን ድረስ ስም አላወጣም። ጭካኔ ሊመስልሽ ይችላል። ለእኔ ግን ብዙ ረድቶኛል።

ከባዱ የሚቀጥለው ጠዋት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳተሙት፣ አብረው የሚኖሩ አውራዎች ጎህ ሲቀድ በማዕረግ ነው የሚጮኹት። የበላዩ ይጀምራል፣ ሌሎቹ በየተራቸው ይከተላሉ። እኔ ያስቀረሁት የመጨረሻውን ነበር፤ ሁልጊዜ ሌሎቹ ጨርሰው ሲደክሙ ነው «ኩኩሉ» የሚለው። ሌሎቹ በሄዱ ማግስት ጎህ ቀደደ፣ ድምፅ የለም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጠበቅኩት። በኋላ አንዴ ጀምሮ አቋረጠው። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። እዚያው አልጋዬ ላይ አለቀስኩ። ያንቺም ጠዋት እንዲሁ ይሆናል፤ ከቻልሽ የዚያን ቀን ሥራ አታብዢ።

ቀይዋን ዶሮ ከጠየቅሽኝ፣ ቁስሉን እያጠብኩላት ለብቻዋ አቆየኋት፣ ዳነች። ላባዋ ግን ላባ እስክትቀይር ድረስ አልተመለሰም፤ ብዙ ወር ፈጅቷል። ከቆጥ መውረድ የጀመረችው አውራዎቹ ከሄዱ በ4ኛው ቀን ነው።

አንቺም ዛሬ ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ የሴቶቹን ጀርባና ከክንፋቸው ስር እያነሳሽ እዪ። ያየሽውን ጻፊልኝ። የትኛውን ልታስቀሪ እንዳሰብሽም ንገሪኝ፣ ጠባዩን አብረን እናየዋለን።