ጥያቄ ካላችሁ፦ ረኔሳንስ ፌር ምን ለብሼ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምፅፍልዎ ከአዘዞ ነው፣ ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው እና ዘንድሮ እግዜር ብሎ ቪዛው ወጣልኝ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአንድ ወር ልሄድ ነው። ገና ሳልደርስ ፕሮግራም አውጥቶ "በመጣሽ ቅዳሜ ረኔሳንስ ፌር እንሄዳለን፣ ሰዉ የጥንት ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው፣ የሀበሻ ቀሚስሽን እንዳትረሺ" አለኝ። ምንድነው ስለው "እንደ ፋሲል ግንብ በይው፣ ግን ንጉሡ አልሞተም" ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ደሞ ጭንብል አድርገው ሰይጣን የሚጫወቱበት በዓል እንዳይሆን ብላ ሰግታለች። ከሃይማኖታችን ይጋጫል ወይ? ምን ልልበስ? ምንስ ይበላል? ጓደኛዬ ደግሞ "እኛ እውነተኛ ግንብ እያለን ይሄን ጎንደር ላይ ለምን አንሠራውም ብለሽ ጠይቂልኝ" ብላለች። እህትዎ ከአዘዞ።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም የዛሬ 7 ዓመት እህቴን ልጠይቅ ሄጄ እዛው ፌር አንድ ሙሉ ቀን ውያለሁ፣ ጠዋት በር ሲከፈት ገብተን ማታ ሊዘጋ ሲል ነው የወጣነው። ፋሲል ግቢ ስንት ዓመት ያስጎበኘሁ ሰው ነኝና ያን ቀን ያየሁት እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያቸው። እሳቸው የሰሙት ሃሎዊንን ይሆናል፣ እሱ ሌላ ነው። ይሄ የመንደር ጨዋታ ነው በይው፣ ጫካ ውስጥ በእንጨት የተሠራ የድሮ እንግሊዝ መንደር አለ፣ ሪቭል ግሮቭ ይሉታል፣ ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ ነው፣ ተዋናዮቹ ቀኑን ሙሉ ንጉሥም ንግሥትም አሽከርም ሆነው መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ። ክንፍ የለጠፉ ልጆችና የባህር ወንበዴ የመሰሉ ጎረምሶች ታያለሽ፣ ከጨዋታ አያልፍም፣ የሚመለክ ነገር የለበትም። የተጀመረውም በአንዲት አስተማሪ ነው፣ ፊሊስ ፓተርሰን ትባላለች፣ ሎስ አንጀለስ ቤቷ ጓሮ የሰፈር ልጆችን ቲያትር ታስተምር ነበር እና እ.ኤ.አ. በ1963 ከባሏ ጋር ሆና ለአንድ ሬድዮ ጣቢያ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ብላ የመጀመሪያውን ፌር አዘጋጀች፣ ከዛ በኋላ አገሩን ሞላው። የሜሪላንዱ በ1977 ነው የጀመረው፣ አሁን ያለው አናፖሊስ አጠገብ ክራውንስቪል ሲሆን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ ይከፈታል። ወንድምሽ ቲኬቱን ቀደም ብሎ በኦንላይን ይቁረጥ፣ በጠዋትም ውጡ፣ የፓርኪንጉ ሰልፍ ረጅም ነው።

ልብስ ላይ ወንድምሽ ልክ ነው፣ የሀበሻ ቀሚስሽን ልበሺ። ማንም አይስቅብሽም፣ እንዲያውም ሂሳቡን እይው፦ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1509 ሲነግሥ እኛ ጋ ልብነ ድንግል ከነገሠ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ ልጅ ስለነበር አገሩን የሚያስተዳድሩት እቴጌ እሌኒ ነበሩ፣ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሳቸው ናቸው፣ በ1514 ሊዝበን ገብቷል። ስለዚህ በዛ ዘመን አውሮፓ ቤተመንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ መልእክተኛ መታየቱ የተፈጠረ ተረት አይደለም፣ ተዋናዮቹ "ማይ ሌዲ ከየት መጣሽ" ብለው ሲጠይቁሽ (ይጠይቁሻል፣ ሥራቸው ነው) "ከእቴጌ እሌኒ የተላክሁ ነኝ" በያቸው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱሻል። ጎንደር እንኳ በዛን ጊዜ የለችም፣ ፋሲል የቆረቆራት በ1636 ነው፣ ሄንሪ ከሞተ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ግን ነጩን ረጅሙን ቀሚስ ተይው፣ መሬቱ አፈር ነው፣ ከዘነበም ጭቃ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር ከለር ያለው ይሻላል፣ ጫማ ስኒከር፣ ሙቀቱ ደሞ የእኛ መተማ ነው ውሃ ያዢ። ወንድምሽ ሰይፍ ምናምን ልያዝ ካለ አፎቱ ላይ እንዲታሰር ነው ደንቡ።

ምግብ፦ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ አትጨነቂ፣ የምትሄዱበት ቀንም ቅዳሜ ነው። ሁሉም ሰው የተርኪ (ትልቅ የዶሮ ዓይነት ወፍ ነው) እግር ይዞ ሲሄድ ታያለሽ፣ አንድ ክንድ የሚያክል በጭስ የበሰለ፣ በእጅ ነው የሚበላው። ለሁለት አንድ ይበቃችኋል። ተርኪ እንግሊዝ የገባው በራሱ በሄንሪ ዘመን በ1520ዎቹ ከወደ አሜሪካ ነው፣ በርበሬያችንም ዘሩ ከዛው አሜሪካ ነው፣ ይሄን ለወንድምሽ ንገሪው።

የፈረሱን ጨዋታ እንዳያመልጣችሁ፣ ጆስት ይሉታል፣ ሜሪላንድ ከ1962 ጀምሮ የስቴቱ ስፖርት ብላ በህግ አውጃዋለች። ጉግስ አይተሽ ስላደግሽ ልዩነቱ ወዲያው ይገባሻል፦ እኛ ጋ አንዱ ያባርራል አንዱ ይሸሻል፣ የሚሸሸው በጋሻ እየመከተ፣ የእነሱ ግን በመሀል አጥር አለ፣ ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ፊት ለፊት መጥተው በረጅም እንጨት ጋሻ ለጋሻ ይገጫጫሉ። የድሮው የምር ነበር፣ ሄንሪ በ1536 ከፈረስ ወድቆ ለሞት ደርሷል፣ የፈረንሳዩ ሄንሪ 2ኛ ደግሞ በ1559 የጦሩ ስብርባሪ ዓይኑ ገብቶ በዛው ሞተ። ሰዉ ሲደሰት "ሀዛ!" ብሎ ይጮሀል፣ እኔ ዝም ብዬ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ትከሻዬን ነክተው አብሬ እንድጮህ አደረጉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የጓደኛሽም መልስ እዚህ ውስጥ አለ። ከንጉሡም ከፈረሱም በላይ የያዘኝ ብረት ቀጥቃጩ ነው። ዳስ ውስጥ የቆዳ ሽርጥ ያደረገ ሰውዬ፣ ከኋላው ቁመቴን የሚያክል በሳንቃና በቆዳ የተሠራ ወናፍ፣ በገመድ እየጎተተ ያነፋዋል፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ ከዛ ወደ ነጭ ይሄዳል፣ ብረቱን ያወጣና ሦስት አራቴ መትቶ ይመልሰዋል። ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው እያንዳንዱን ምት ይቆጥራሉ፣ አባቶች "ጌታዬ ይሄን ሙያ ማን አስተማረህ" ብለው በአክብሮት ይጠይቁታል፣ የሠራትን የኮት መስቀያ ለመግዛት ሰልፍ አለ። ቆዳ ሰፊዋም ጋ ሸክላ ሠሪውም ጋ እንደዛው። እኔ እዛ ቆሜ እንባዬ መጣ፣ የምሬን ነው፣ ምክንያቱም እኔ ባደግሁበት ሰፈር ብረት የሚሠራ ሰው "ቡዳ" ነበር የሚባለው፣ ሸክላ የምትሠራ ሴት ስታልፍ ልጆች ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፣ ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሆኜ ድረስ ነበር። እነዚህን የጎንደር ግንቦች በድንጋይና በኖራ ካቆሙት፣ በሩንና ጣሪያውን ከጠረቡት መሀል ቤተ እስራኤሎቹ አሉበት፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሸክላም የእነሱ እጅ ነበር፣ እኔ ግን ለቱሪስት ስንት ዓመት ሙሉ "ፋሲል ሠራው፣ ኢያሱ ሠራው፣ በካፋ ሠራው" እያልኩ ነበር የማስጎበኘው።

ስለዚህ ለጓደኛሽ፦ አዎ ይሠራ፣ በደንብ ይሠራ፣ ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ ከጥምቀት ጋር አታደባልቁት። የፋሲል መዋኛ ቀሃ ወንዝ ውሃ ገብቶበት ካህናቱ ሲባርኩት ያ ጸሎት ነው፣ ትርኢት አይደለም፣ ሌላ ሰሞን ይሁን። ግቢው ውስጥም አይሁን፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1941ዱ ጦርነት ቦምብ የተረፈ ኖራ አጠገብ እሳት አንድዶ ፈረስ ማስጋለብ አይገባም፣ ከግንቡ ውጭ ሜዳ ሞልቷል፣ ፈረንጆቹም እኮ ጫካ ውስጥ ነው በእንጨት የሠሩት። ሁለተኛ፣ ንጉሥ የሚሆን ልጅ ከመፈለጋችሁ በፊት ቀጥቃጩን ፈልጉ፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ የወለቃ እናቶችን፣ ሥራቸውን እያሳዩ በሙሉ ዋጋ ይሽጡ፣ ቀኑን ሙሉ ለቆሙበትም ይከፈላቸው፣ ልጆቻችን አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩዋቸው። አዝማሪውና ጉግሱ ከዛ በኋላ ይመጣል፣ እሱ ለጎንደር አያቅታትም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፣ ቢላና ማረሻ ነው የሚሠሩት፣ ዛሬም በፍየል ቆዳ ወናፍ በሁለት እጃቸው ነው የሚያነፉት። ያን ትልቁን ወናፍ ስነግራቸው "ገመዱ የት ጋ ነው የሚታሰረው፣ ትንፋሹስ በየት በኩል ይገባል" ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ ደሞ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ቀጥቃጩ ጋ ስትደርሺ አስፈቅደሽ ከጎንና ከኋላ በኩል ቪዲዮ ቅረጪልኝ፣ ስትመለሺ አብረን ወስደን እናሳያቸዋለን።