የትኛውን አንቲባዮቲክ ልያዝ? ከ2 ዓመት ልጅ ጋር ወደ ደሴት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ለ8 ቀን ወደ አንድ ሞቃታማ ደሴት ለዕረፍት ይዘናት እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ለዕረፍት ወጥተን በሁለተኛው ቀን ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ አቅፌያት ሳለቅስ አደርኩ። ከቤት ይዤው የሄድኩት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ነበር፣ እሱን ሰጠኋት፤ በ3ኛው ቀን ተሻላት። የተረፈው አሁንም አለ። እሱን ልያዝ ወይስ ጠንከር ያለ ይሻላል? ተቅማጥ የሚያቆም ክኒንስ? የምናርፍበት ቦታ ሆስፒታል ካለበት ከተማ በጀልባ 1 ሰዓት ያህል ይርቃል። አማቴ ደግሞ «ሕፃን ይዞ ባሕር መሐል መግባት ምን የሚሉት ዕረፍት ነው?» ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ አንቲባዮቲክ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ጀልባው የጻፉትን ነው። ያ ሌሊት ገና አልለቀቀዎትም። «እዚያ እንደዚያ ብትሆንብኝ ምን ይውጠኛል?» ነው ነገሩ። በዚያ ላይ አማትዎ አሉ። ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛት ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ያውቁታል።

ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ይሂዱ። ልጅዎ ጤነኛ ከሆነችና ክትባቷን በወቅቱ ካገኘች፣ እንድትቀሩ የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም። በጉዞ ላይ ትንንሽ ልጆችን የሚይዛቸው አብዛኛው ነገር ቤታቸውም የሚይዛቸው ነው። ተቅማጥ፣ ጉንፋን፣ የጆሮ ሕመም፣ ትንኝ የነከሰውን ሲያኩት የሚመረቅዝ ቁስል።

አሁን ወደ ሽሮፑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ አይቀየሙኝ።

አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ዕድሜው ቢበዛ 14 ቀን ነው፤ እሱም በአግባቡ ከተቀመጠ። የእርስዎ ዓመት ሊሞላው ነው! መድኃኒት መሆኑ ድሮ ቀርቷል። ደግሞስ አዲስ ቢሆን ምን ይሠራል? በእሷ ዕድሜ ተቅማጥና ትውከት ተያይዘው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። «ታዲያ እንዴት ዳነች?» ይሉኝ ይሆናል። ቫይረሱ ጊዜውን ጨርሶ ሄደ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንዲያውም አንቲባዮቲክ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። «ጠንከር ያለ» የሚሉት ደግሞ ያው ስህተት በከፍተኛ መጠን ነው። ሐኪም አይቷት፣ ዓይነ ምድሯ ላይ ደም ኖሮ ወይም ሌላ ምክንያት አግኝቶ ካዘዘ ያ ሌላ ጉዳይ። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ከሻንጣ አውጥቶ መስጠት ግን ጥንቃቄ አይባልም።

ተቅማጥ የሚያቆመው ክኒን፣ ሎፐራማይድ፣ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። አንጀታቸውን ሊያስረው፣ ሆዳቸውን ሊነፋው ይችላል። ለራስዎ ከያዙት እሷ ከማትደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ልጅ በተቅማጥ የሚሞተው ውሃና ጨው አልቆበት ነው። ይህን ካወቁ ጀልባው ያን ያህል አያስፈራዎትም፤ ምክንያቱም ውሃና ጨውን መመለስ እርስዎም ይችላሉ። ችግሩ ግን አንድ የማይነቀል ወሬ አለ። «አታጠጧት፣ የጠጣችውን ሁሉ ነው የምታወጣው፤ ሆዷ ይረፍ» የሚለው። ይህን የሚሉኝ የተማሩ፣ ልጃቸውን የሚሳሱ ሰዎች ናቸው። ግማሽ ቀን ከልክለው ከዚያ አቅፈው ይመጣሉ። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ እናትየው እጅ ላይ ያለው ጡጦ ሙሉ ነው። ያ ሙሉ ጡጦ ያናድደኛል። ሆድ አያርፍም። ሰጡም አልሰጡም ተቅማጡ ይወጣል፤ ካልሰጡ የሚወጣው ከደሟ ነው።

የሚያስፈልግዎት ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ከመሄድዎ በፊት 6 ወይም 8 ፓኬት ይግዙ፤ ደሴቱ ላይ ማታ ሊፈልጉት አይገባም። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ውሃ ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ 1 ፓኬት ለ1 ሊትር ነው። ውሃው የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በትንሽ ውሃ «ወፈር አድርጌ» እንዳይሉ፤ ጨው ይበዛባትና ይጎዳታል። ስኳር አይጨምሩበት። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጁስ አይተኩትም። የተረፈውን በ24 ሰዓት ውስጥ ይድፉት።

አሁን አሰጣጡ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ ጠምቷታል፣ ብርጭቆውን ትቀማዎታለች፣ ባንዴ ትጨልጠዋለች፣ ከዚያ በርቀት ታስመልሰዋለች። እርስዎም «ይኸው፣ አልያዘላትም» ይላሉ። ብርጭቆውን ይተዉት። የሻይ ማንኪያ ይያዙ። በየደቂቃው ወይም በየ2 ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በየደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ማለት በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ነው። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ይጠብቁና ቀስ ብለው እንደገና ይጀምሩ። ትውከቱ ጋብ ሲል ተቅማጥ ባላት ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይስጧት። ምግብም አይከልክሏት፤ የምትፈልገውን ትብላ። አሰልቺ ሥራ ነው። ከባለቤትዎ ጋር በየሰዓቱ ይቀያየሩ፤ ያን ሌሊት ብቻዎን ማልቀስዎም አልገባኝም፣ አባትየው የት ነበሩ?

ወደ ጀልባው የሚያስሮጠው ይህ ነው። 6 ሰዓት ሙሉ ዳይፐሯ ካልራሰ። ስታለቅስ እንባ ከሌላት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ አፏ ውስጡ ከደረቀ። ሰውነቷ ከዛለ፣ ሲጠሯት እንደ ሁልጊዜው ካልዞረች። በማንኪያ የሰጧትን ሁሉ ካስመለሰች ወይም መጠጣት ጨርሶ እምቢ ካለች። ዓይነ ምድሯ ላይ ደም ካዩ። አንድ ሌላም አለ፣ ዛሬ ጤነኛ ሳለች ይለማመዱት። የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁት። ወዲያው እንዴት እንደሚመለስ አዩ? ውሃ ያለቀባት ልጅ ቆዳዋ ተጨብጦ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከእነዚህ አንዱን ካዩ «ይንጋና እንሄዳለን» አይባልም። ይህን የምለው ስንት ጊዜ ሲነጋ ሲመጡብኝ አይቼ ነው። እየሄዳችሁም ማንኪያው አይቁም።

ስለ ወባ አልጠየቁኝም፣ የደሴቱንም ስም አልጻፉልኝም። ስሙ ግን ወሳኝ ነው። ማልዲቭስ ከ2015 ጀምሮ ከወባ ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል። ዛንዚባር፣ ኮሞሮስና ማዳጋስካር ግን ወባ አለባቸው። የምትሄዱት ወባ ወዳለበት ከሆነ የመከላከያ መድኃኒቱ በኪሎዋ ተሰልቶ ነው የሚታዘዘው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጉዞው በፊት መጀመር አለበት። ስለዚህ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አሁን ሐኪሟ ጋ ይሂዱ። ማልዲቭስም ቢሆን ዴንጌ የሚባል፣ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት አለ። የዴንጌ ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፤ የሌሊት አጎበር ብቻ አይበቃም፣ ስስ ረጅም እጅጌ ያልብሷት፣ ትንኝ ማባረሪያም ይቀቧት። እዚያ ሳለች ትኩሳት ከያዛት በኪሎዋ የተሰላ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አይስጧት፤ ዴንጌ ከሆነ የመድማት አደጋን ይጨምራል።

ከተመለሳችሁ በኋላስ? ወባ ካለበት ቦታ ከተመለሳችሁ፣ በተለይ በ3 ወር ውስጥ ትኩሳት ካላት፣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ። «የጉዞ ድካም ነው» ብሎ ሦስት ቀን መጠበቅ የለም። ለሚያያት ሐኪም ደሴት ሄዳ እንደነበር እርስዎ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

ፀሐዩን ያውቁታል፦ ጥላ፣ ኮፍያ፣ በየ2 ሰዓቱ ክሬም፣ ከውሃ ስትወጣም እንደገና። ክሬሙ መጀመሪያ፣ የትንኙ ማባረሪያ ከላይ። ጄሊፊሽ ከነደፋት ሽንት ይፈስበታል የሚሉትን ይርሱት፤ በባሕሩ ውሃ ያጥቡትና እርዳታ ይጥሩ።

በጻፉልኝ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ውሃው አንድ ቃል የለም። እኔን ግን ከተቅማጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ነው። ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው። ክንዷ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፣ ነፍስ አያድንም። ውሃ አጠገብ ስትሆን አንዳችሁ እጅ ዘርግታችሁ ከምትይዟት ርቀት አትራቁ፣ ስልክ ሳትነኩ። ማን እንደሚጠብቃት ደግሞ በአፍ ተነጋገሩ። እናት «አባቷ እያያት ነው» ትላለች፣ አባት «እናቷ እያየቻት ነው» ይላል።

አሁን ወደ ጀልባው ልመለስ። ለሆቴሉ ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ማታ ሰው ቢታመም ጀልባ ይነሣል ወይ? በእናንተ በኩል የጤና ባለሙያ አለ ወይ? ሆስፒታሉ ሌሊት ልጅ ይቀበላል ወይ? ጥርት ያለ መልስ ካገኙ የሚያስጨንቅዎት ነገር ግማሹ አለቀ፤ አማትዎም ቢጠይቁ መልስ አለዎት። «እሱን እንኳ እንጃ» ካሉዎት ደሴቱን አይተዉት፣ ማረፊያውን ወደ ከተማው ጠጋ ወዳለ ቦታ ይቀይሩት። ሽሮፑን ግን ዛሬውኑ ይጣሉት።