ሊድ ላይ ነጥብ ለምትሰጡ ልጆች

አንድ ሰኞ ጠዋት የሽያጭ ባልደረባዬ የሊዶቻችንን፣ ማለትም ሊገዙን ይችላሉ ብለን በነጥብ የደረደርናቸውን ሰዎች፣ የታተመ ዝርዝር ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የመጀመሪያዋን ስም በቀይ እስክሪብቶ ከቧታል። «ይቺን አንደኛ ያደረጋት ማነው?» አለኝ። ሲስተሙ 140 ነጥብ ሰጥቷታል። ያወጣነውን ጽሑፍ ሁሉ አውርዳለች፣ የላክነውን ኢሜይል ሁሉ ከፍታለች። ሲደውልላት የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራ ተማሪ ሆና ተገኘች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ስለ ጽሑፎቹ አመስግናዋለች። በዚያው ሳምንት ውል የፈረመው ሰውዬ ግን 15 ነጥብ ብቻ ነበረው፣ ስሙም ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የዋጋ ገጻችንን ሁለት ጊዜ አይቶ ራሱ ደወለልን።

አንደኛ ያደረጋት ሲስተም አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። አንድ ሰዓት በፈጀ ስብሰባ ላይ ኢሜይል ለከፈተ 5፣ ሊንክ ለነካ 10፣ ጽሑፍ ላወረደ 20 ብለን ቁጭ አደረግን። ቁጥሮቹ ከየት መጡ ብሎ የጠየቀ የለም። ከጭንቅላታችን ነው የመጡት። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሰጡትን ይደምራል እንጂ አይከራከርም። ግምታችን ስክሪን ላይ በደማቅ ቁጥር ሲወጣ እኛው ራሳችን አመንነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት የገዙትን ተመልከቱ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ባለፈው ዓመት 1,000 ሊድ መጥቶ 30ው ገዛ እንበል። ከመቶ 3 ማለት ነው። የዋጋ ገጹን ካዩት 100 ሰዎች 12ቱ ከገዙ፣ ያ ምልክት ከአማካዩ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ ነጥብ ይገባዋል። ዜና መጽሔታችሁን ከከፈቱት 400 ሰዎችም 12 ከገዙ፣ ከመቶ 3 ነው። ከማንም አይለይም። ለሱ 5 ነጥብ መስጠት በነፃ ማደል ነው። ሰላሳ ገዢ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ በአንድ ሰው ልዩነት አትጨቃጨቁ። ትልልቁን ልዩነት ብቻ እመኑ።

ኢሜይል መክፈትን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ሶፍትዌሩ ኢሜይል ተከፈተ የሚለው በውስጡ ያለች የማትታይ ትንሽ ምስል ስትጫን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የኢሜይል መተግበሪያው ላይ ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ግን፣ ጥበቃውን ላበራ ሰው ምስሎቹ ቀድመው ይጫናሉ፤ ሰውዬው ኢሜይሉን አየውም አላየውም። ክሊክም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የድርጅቶች የደህንነት ሶፍትዌር መልእክቱ እንደደረሰ ሊንኮቹን ራሱ እየነካ ይመረምራል። ኢሜይሉ በደረሰ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አምስቱም ሊንክ ከተነካ፣ ያ ሰው አይደለም። እኔ ለሰው ዓይን የማይታይ ሊንክ ከታች እሰካለሁ። እሱን የነካውን ነጥብ አልሰጠውም።

አሁን ደግሞ በጣም ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በኋላ፣ ዳታ ገብቶኛል ባልኩበት ጊዜ፣ ስልክ ቁጥራቸው የተመዘገበ ሊዶች ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ እንደሚገዙ አገኘሁ። ወርቅ ያገኘሁ መሰለኝ። ለስልክ ቁጥር 40 ነጥብ መድቤ በስብሰባ ላይ በኩራት አቀረብኩ። ከኋላ የተቀመጠች የሽያጭ ሠራተኛ እጇን አወጣች። «ስልኩን እኮ የምንሞላው እኛ ነን፤ ሰውዬው ሊገዛ ሲል» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስልክ ቁጥሩ ግዢውን አላመጣም፣ ግዢው ነው ስልክ ቁጥሩን ያመጣው። ከዚያ ወዲህ ዳታ ስወስድ የዛሬውን መዝገብ አልወስድም። ሊዱ ለሽያጭ በተላለፈበት ቀን መዝገቡ ምን ይመስል እንደነበር ነው የምፈልገው። ሲስተማችሁ የለውጥ ታሪክ ካልያዘ፣ ከዛሬ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ኮፒ አስቀምጡ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሥሩት።

ተማሪዋን አንደኛ ያደረጋት ሌላም ስህተት አለ። ፍላጎትንና ተስማሚነትን አንድ ላይ ደምረናል። እሷ ፍላጎት ሞልቷታል፣ ገዢ ግን አይደለችም። ሁለቱን ለየብቻ ያዙ። ፓርዶት የሚባለው ሶፍትዌር (እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ስሙ ተቀይሯል) እንቅስቃሴን በቁጥር፣ ተስማሚነትን በፊደል ነው የሚያሳየው፤ ይህን ነገሩን እወድለታለሁ። ለተማሪ፣ ለሥራ ፈላጊና ለተፎካካሪ ደግሞ ነጥብ መቀነስም አለ። አንድን ድርጊት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳትቆጥሩም ተጠንቀቁ፤ ፎርም የሞላ ሰው የምስጋና ገጹንም ማየቱ አይቀርም። ነጥብ ደግሞ ያረጃል። የዛሬ ዓመት ያየውን ገጽ ዛሬ እንደ ትኩስ ፍላጎት አትቁጠሩለት። በስንት ጊዜ ይቀንስ ለሚለው ደንበኞቻችሁ ለመወሰን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባቸው እዩ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ ይኸኛው ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ማንም አይደውልላቸውም። ስላልተደወለላቸው አይገዙም። ስላልገዙ «አላልኩም? ነጥቡ ልክ ነው» ይባላል። ይህ ክብ ዓመታት ሊዞር ይችላል። እኔ ከታችኞቹ ከ20 አንዱን በዕጣ አወጣና ነጥቡን ሳልናገር ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ለሽያጭ እሰጣለሁ። ሻጮቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ልክ ናቸው፣ ጊዜያቸው ነው የሚባክነው። ለምን እንደማደርገው ቁጭ ብዬ አስረዳቸዋለሁ እንጂ ደብቄ አላደርገውም። የትኛው ስም የዕጣ እንደሆነ ብቻ ነው የማልነግራቸው።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ሊዶቹን በነጥባቸው አሥር ቦታ ክፈሉና ከየክፍሉ ስንቱ እንደገዛ ቁጠሩ። እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ መሄድ አለበት። አራተኛው ክፍል ከሁለተኛው በልጦ ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ እዚያ ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አንብቡ። እኔ አንዴ ሳነብ፣ ብዙዎቹ ከጓደኛ ሰምተው በቀጥታ የመጡ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። ምንም ጽሑፍ ስላላወረዱ ነጥብ የሚሰጣቸው ነገር አልነበረም።

አሁን ዝርዝሩን ለሽያጭ በምልክበት ጊዜ ከነጥቡ ሥር አንዲት መስመር እጨምራለሁ፦ «ትናንት የዋጋ ገጹን ሁለት ጊዜ አየ»፣ «ባልደረባው ባለፈው ወር ጠይቆን ነበር»። ያ ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ባልደረባዬ ዛሬም ከሽያጭ አልወጣም። ነጥቡን አያይም። መስመሯን አንብቦ ነው ስልኩን የሚያነሳው።