ጥርሴን ተማሪ ይንካው ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 58 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሩት ካናል (የሥሩን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ያስፈልገዋል፣ ከዚያም ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ይደረግበታል ተባልኩ። የጥርስ ኢንሹራንስ የለኝም፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ልጄ «የጥርስ ሐኪሞች የሚማሩበት ሄደሽ ለተማሪዎቹ ታካሚ ሁኚላቸው፣ ይረክሳል» ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ «እጁን ሊያፍታታብሽ ነው» ብለው ያስፈራሩኛል። ስኳር አለብኝ፣ የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?
ወ/ሮ አ.

መልስ፦ ይሂዱ። ግን የሚገቡበትን አውቀው ይግቡ።

ጓደኞችዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ተማሪው በእርስዎ ጥርስ ይማራል፤ ይህ የሚደበቅ አይደለም። ነገር ግን ትናንት ተመዝግቦ ዛሬ መርፌ የሚያነሳ የለም። በአሜሪካ ይህ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአብዛኛው በመጽሐፍና በአሻንጉሊት ላይ ያልቃሉ። የፕላስቲክ ጥርስ ሲቦረቡሩና ሲሞሉ ይከርማሉ። የማደንዘዣ መርፌ እንኳ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወጉት እርስ በርሳቸው ነው። ታካሚ ይዘው የሚሠሩት በዋናነት በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት ነው። ያኔም ፈቃድ ያለው መምህር በየደረጃው እየመጣ ያያል። ተማሪዋ የተበላሸውን ጠርጋ ስትጨርስ መምህሩ ሳያይ አትሞላም። ሞልታ ስትጨርስም ተመልሶ ያያል።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የተማሪዋ እጅ ሳይሆን የእርስዎ ጊዜ ነው። በግል ክሊኒክ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ እዚያ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መምህሩ ሌላ ወንበር ጋ ከሆነ አፍዎን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከሥራዎ ደመወዝ የሚከፈሉት በሰዓት ከሆነ የቀረብዎትን ገንዘብ ከሕክምናው ዋጋ ላይ ደምረው ያስቡት። አንዳንዴ ቅናሹ ያን ያህል አይሆንም። በነገራችን ላይ ነፃ ነው ብለው አይሂዱ፤ ቅናሽ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ምርመራና ራጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥርስዎ ለትምህርት የሚሆን መሆኑን ያዩበታል። የመንጋጋ ጥርስ ሥር ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ቀጫጭን ቦዮች ስላሉት ለተማሪ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለስፔሻሊስት ሠልጣኞች ያስተላልፉታል። እነዚህ ተመርቀው የጥርስ ሐኪም የሆኑ፣ አሁን የሥር ሕክምናን ለይተው የሚማሩ ናቸው። ዋጋቸው ከተማሪው ከፍ ይላል፣ ከግል ስፔሻሊስት ግን በአብዛኛው ያንሳል። ለእርስዎ ጥርስ እኔም የምመርጠው እነሱን ነው። ለእጥበትና ለቀላል ሙሌት ግን የ3ኛ ዓመት ተማሪ ብትሠራልኝ ደስ ይለኛል፤ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ የሚሠራ ጥቂት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርቡ ዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከ1881 ጀምሮ ያስተምራል። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መነሻው በ1840 የተከፈተው፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ለሁለቱም ደውለው የመንጋጋ ሩት ካናል ማን እንደሚሠራ፣ ቀጠሮው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ክራውኑ ለብቻው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ስልኩን ሲያነሱልዎት አስተርጓሚም ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የሕክምና ተቋማት በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ልጅዎን አያስቸግሯት።

«ተማሪ ፈተና ሲፈተን ታካሚ ከሆንሽ በነፃ ይሠሩልሻል፣ እንዲያውም ይከፍሉሻል» የሚልም አይጠፋም። ድሮ እውነት ነበር። ተመራቂዎች ለፈቃድ ፈተናው ልክ የሚሆን ቀዳዳ ጥርስ ያለው ሰው ሲፈልጉ ይከርሙ ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን በብዙ ግዛቶች ፈተናው በአሻንጉሊት ላይ ሆኗል።

ስኳርዎና ግፊትዎ አያስከለክሉዎትም። የጠዋት ቀጠሮ ይያዙ። ቁርስዎን በልተው፣ መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው ወስደው ይሂዱ። ጾም ቢሆንም ያን ቀን ባዶ ሆድ አይሂዱ፤ 3 ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስኳርዎ ቢወርድ ለሁሉም ችግር ነው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው ጽፈው፣ የቅርቡን የ3 ወር አማካይ ስኳር ምርመራ (A1C) ውጤት ይዘው ይቅረቡ። ግፊትዎ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ ቀጠሮውን ሊያስተላልፉት ይችላሉ፤ አይናደዱባቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ በራስዎ አያቋርጡ። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ገና ሲመዘገብ ይናገር፤ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ልቆጣዎት። እኛ ሐበሾች ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ይሉኝታ ይይዘናል። «አመመዎት?» ስንባል «ምንም አይል» እንላለን፣ ዓይናችን እንባ አቅርሮ። ለተማሪ ይህ አይጠቅመውም። ማደንዘዣው በደንብ ካልያዘ ሌላ መጨመር ይቻላል፤ እሷ ግን ካልነገሯት በምን ታውቃለች? ሲያምዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፤ ከመጀመሯ በፊትም ይህን ምልክት ተስማሙበት። መምህሩን ማነጋገር እፈልጋለሁ ማለትም መብትዎ ነው። ማንም አይቀየምም።

ፊትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ አፍዎን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎት ግን ትምህርት ቤቱን ይርሱት። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለመተንፈስ ከከበደዎት 911 ይደውሉ።

ክራውኑን ደግሞ አደራ። ሩት ካናሉ ሲያልቅ ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። ክራውን ያልተደረገበት መንጋጋ ጥርስ ቆሎ ሲያኝኩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ብዙ ጊዜ መንቀል ብቻ ነው የሚቀረው። ተማሪዎች የሚመረቁት አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ስለሆነ፣ ሕክምናዎ በማርች ወይም በኤፕሪል ከተጀመረ «ከአንቺ በኋላ ማን ይረከበኛል?» ብለው ይጠይቁ። ስሙን ጽፋ ትስጥዎት።