አንዳንዴ የሚጠፋ መኪና፦ የአሮጌ ጭነት መኪና ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በጎንደርና በዙሪያዋ የሚሠሩ ሹፌሮችና ባለንብረቶች የላኩልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደህና ነው፣ ጋራዥ ሳስገባው ግን ምንም የለውም።» እንዲህ ያለ ብልሽት ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ምርመራ መኪናው በጠፋበት ቦታና በጠፋበት ሰዓት የሚደረገው ነው። ያንን የሚያደርገው ደግሞ መካኒኩ ሳይሆን ሹፌሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሮጌ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ መተማ መስመር። አይከልን አልፌ ቆላው ሲጀምር ሞተሩ ይጠፋል። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የናፍታ ፖምፓው ይቀየር ተባልኩ። ልቀይረው?

አትቀይር። ቢያንስ ገና ነው። መጀመሪያ አጠፋፉን ለይ። ቁልፍ እንደዘጋህበት በአንዴ ጭጭ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል። ጉልበት እያጣ፣ እየተንገጫገጨ ከጠፋ ግን ወይ ናፍታ አጥሮታል፣ ወይ አየር ገብቶበታል። ይህን ሳይጠይቅ መፍቻ የሚያነሳ ሰው ኪስህን ያራቁታል።

በአንዴ ጭጭ የሚል ከሆነ ፖምፓው ላይ አንዲት ሽቦ የምትገባባትን ትንሿን ሶሌኖይድ ፈልግ። በብዙ አሮጌ ፖምፓዎች ላይ ይህች ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ እስካገኘች ድረስ የናፍታውን መንገድ ከፍታ ትይዛለች። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጓ ይዘጋዋል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ ካረጀ ሲሞቅ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። በአንዳንድ መኪና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚላከው ሞተሩን ለማጥፋት ነው። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሽቦዋን ንቀል። ከጠፋ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ አሁን ርካሹን ዘዴ ልንገርህ። ከሶሌኖይዷ ራስ ላይ ቀጭን ሽቦ ስበህ ወደ ጋቢና አስገባ። ዳሽቦርዱ ላይ የፓርኪንግ አምፖል የምታክል አምፖል አስርበት፤ ሌላውን ጫፍ ከቦዲው ጋር አገናኝ። አምፖሉ ከመኪናው ቮልት ጋር ይመጣጠን፣ 12 ወይም 24። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይበራል። ሲጠፋብህ ቁልፉን ሳትነካ መጀመሪያ አምፖሉን እይ። አምፖሉ አብሮ ከጠፋ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ሶሌኖይዷ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ፊውዝ፣ ሶኬት፣ ወይም ራሱ ቁልፉ። አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ከጠፋ፣ ወይ ሶሌኖይዷ ናት ወይ ናፍታው። ወዲያው፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ሽቦዋን ነቅለህ መልሰህ ንካት። «ቀጭ» ካላለች አገኘሃት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የታንከሩን ክዳን ስከፍት ደግሞ ፉጭ ይላል።

ይሄን አስቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ስለ አምፖል ባላወራን! ይሁን፣ ለሌላው ይጠቅማል።

ፉጭ ያለው አየር ወደ ታንከሩ ሲገባ ነው። ናፍታው በተጠጣ ቁጥር አየር ሊተካው ይገባል። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ታንከሩ ይታፈናል፣ ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል። ስትቆም አየሩ ቀስ እያለ ይገባና ሞተሩ ይነሳል። አንተ ግን «ቀዘቀዘና ተነሳ» ትላለህ። ክዳኑ የፋብሪካው ነው? ብዙ ጊዜ የማየው ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታልና በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ በጎማ ላስቲክ ጥፍንግ ተደርጎ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ክዳኑን ላላ አድርገህ ሞክር። ካልጠፋ መተንፈሻውን አጽዳ ወይም ትክክለኛ ክዳን ግዛ። አላልተኸው ግን አትክረም፣ የዚያ መንገድ አቧራ ፊልትሮህን ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ሰሊጥ የሚጭን መኪና አለኝ፣ የምነዳው እኔ አይደለሁም። ሁለት ባትሪ አለው። አንደኛው ሁልጊዜ ቶሎ ይሞታል። ሹፌሩ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ነው ይላል። እውነቱን ነው?

እትዬ፣ ዲናሞው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባትሪዎች በተጎዱ ነበር። ሹፌሩን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ቴፑ ከየት ነው ኤሌክትሪክ የሚወስደው? የስልክ ቻርጀሩስ? የእርስዎ መኪና በ24 ቮልት ይሠራል፣ ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ማለት ነው። ቴፑ ደግሞ የ12 ነው። ስለዚህ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይሰቅሉለታል። ያ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍን ያድራል፣ ሌላው አርፎ ይተኛል። ጠዋት ዲናሞው ሁለቱን እኩል ይሞላል። የደከመው ሳይጠግብ ይቀራል፣ የጠገበው ከልክ በላይ ይጠጣል። መድኃኒቱ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው። ባትሪ ሲቀይሩም ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ያድርጉ።

ለማረጋገጥ መኪናው ካደረ በኋላ እያንዳንዱን ባትሪ በቴስተር ያስለኩ። ጤነኛና የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 28 ቮልት ገደማ ማሳየት አለባቸው። ያ ከሆነ ዲናሞው ነፃ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ካቮ፣ ማለትም ወፍራሙን ሽቦ፣ ነቅሎ ዲናሞ የሚፈትን ሰው መኪናዎን እንዳይነካ። ዲናሞውን የሚያቃጥለው ያ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ደባርቅ ስሄድ ጉድጓድ ሲመታኝ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ይመለሳል። አንዳንዴ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል።

ሁሉም አብሮ ከጠፋ ብልሽቱ ሁሉም በሚጋሩት ቦታ ነው ያለው። ይህ ሥራውን በጣም ያቀልልሃል። የሚጋሩት ነገር ጥቂት ነው፤ የባትሪ ራሶች፣ ዋናው ፊውዝ፣ ቁልፉ፣ እና ማሳው፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻሲና ወደ ሞተር የሚሄደው ካቮ። እኔ ብሆን ከማሳው እጀምራለሁ። ጋቢናውን ከሻሲ የሚያገናኘውን ሹሩባ ሽቦ አትርሳ፣ ጋቢና በተሠራ ቁጥር ሳይመለስ የሚቀረው እሱ ነው።

በዓይን አይተህ «ደህና ነው» አትበል። ካቮው ከላይ አብረቅራቂ ሆኖ ከሽፋኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት በልቶት ይገኛል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ። ረዳትህ በቁልፉ ሞተሪኖውን፣ ማለትም የሞተር ማስነሻውን፣ ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካየህ መንገዱ ተበልቷል። ፈትተህ እስከ ንጹሕ ብረት ፈግፍገው፣ አጥብቀው፣ ከዚያ ግሪስ ቀባው። ከመቀባትህ በፊት አጥብቀው እንጂ!

ማሳው ነፃ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው። የጋራዥ፣ የቤትና የቁም ሳጥን ቁልፍ ሁሉ የተንጠለጠለበት መኪና ላይ ውስጡ ቶሎ ይላላል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ነው የምንገዛው። ይጎዳል?

ጀሪካኑ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ ካለ አዎ። ውሃ ከናፍታ ይከብዳል፣ ሥር ይቀመጣል። ጀሪካኑን አሳድረህ፣ ሳታናውጥ ቀዳ፣ የመጨረሻውን አተላ ተወው። ፊልትሮህ ሥር የውሃ ማውጫ ካለው ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ክፈተው። ሌሊቱን ውሃው ዘቅጧልና።

ጥያቄ፦ ሊማሊሞን ስወጣ ብቻ ይጠፋል። ከፍታው ነው?

ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል፣ ጭስ ይጨምራል፤ ናፍታ ሞተርን ግን እንዲህ አያጠፋም። ታንከርህ ሩብ ሲሆን ነው የሚጠፋው? ዳገት ላይ ናፍታው ወደ ኋላ ይሸሽና መሳቢያው ቱቦ አየር ይጠጣል። ሙሉ ታንከርም ላይ ከጠፋ፣ ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ አያንጠባጥብም፣ ለዚህ ነው የማታየው። ከፖምፓው በፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው ቀጥል። አረፋ ካየህ ወደ ታንከሩ እየቀረብክ ፈልግ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ላስመርምረው?

ፖምፓው ሜካኒካል ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ነገር የለም። ገንዘብህን ለቴስተር አውለው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪሻኑ ሽቦው በሙሉ ይቀየር ይላል። አንድ ፊውዝ በየጊዜው እየተቃጠለ ስለሆነ ለጊዜው በመዳብ ሽቦ ተክቶልኛል።

ያንን መዳብ ዛሬውኑ አውጣ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ አሁን የሚነደው ጋቢናህ ነው። ሽቦውን በሙሉ መቀየርም አያስፈልግም። በፊውዙ ቦታ አንድ የፊት መብራት አምፖል አስር። ሾርት ካለ ቦግ ብሎ ይበራል። ከዚያ በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ንቀል። አምፖሉ የጠፋበት ላይ ቁም፣ ሾርቱ እዚያ መስመር ላይ ነው። ሽቦው ከሻሲ ጋር የሚፋተግበትንና ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍበትን ቀድመህ እይ። ስትጨርስ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አምፔር ፊውዝ መልስ፣ ከዚያ የበለጠ አይደለም።